ሁለቱ ደራሾች

መቼም አማርኛችን አንዳንዴ ሳያስበው ይራቀቃል። «ደራሽ» የምንለውን ቃል እንውሰድ። ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ድንገት የሚመጣውን ውሃ ደራሽ እንለዋለን። ተቸግሮ ለጮኸ ሰው ፈጥኖ የሚመጣለትንም ወገን ደራሽ እንለዋለን። «ደራሽ ያጣ» ማለት ጮኾ የሚሰማው የሌለው ማለት ነው። እንግዲህ አጥፊውም አዳኙም በአንድ ስም ይጠራሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ማን ቀድሞ ደረሰ የሚለው ነው። ስለ አደጋ ዝግጅት የምናወራው ሁሉ፣ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ዛሬ ልተቸው የተነሣሁት ድርሰት ልቦለድ አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። በየክረምቱ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የምንሰማው፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው የምናነበው የጥንቃቄ መልእክት ነው። ይህም ድርሰት ነው፤ ደራሲ አለው፣ አንባቢ አለው፣ ዓላማ አለው። እንዲያውም ከድርሰቶች ሁሉ አንባቢው በሕይወቱ የሚከፍልበት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ሐያሲ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩባቸው ዓመታት አንድ አመል ጥለውብኛል። ዓረፍተ ነገር ስሰማ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። «አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ» ይባላል። ማን ያድርግ? ምን ያድርግ? በስንት ሰዓት ያድርግ? ዓረፍተ ነገሩ አይመልስም። አንዳንዴ ባለቤት ይጨመርለትና «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ» ይሆናል። ኅብረተሰቡ ግን በር አንኳኩተን የምናገኘው ሰው አይደለም። ኅብረተሰቡ መራመድ ያቃታት አያት የለችውም። ታስራ የምታድር ላም የለችውም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከአምስት ልጆች የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያቅፍ አይጨነቅም። ይህ ሁሉ ጣጣ ያለበት ባለቤት ነው፤ ማለትም ቤት ያለው፣ በቤቱም ሰው ያለው ሰው። የሰዋስው መምህራን «ባለቤት» የሚለውን ቃል ከቤት ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን ወደ መሬት ለማውረድ ወደ ይፋት ቆላ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ ያንቀጠቅጠዋል። ዋሻውን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ሲምዘገዘግ መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ኮቱ፤ ቀጥሎ «መስኮት ክፈቱ» «አትክፈቱ» የሚባለው የአውቶቡስ ጠብ ይነሣል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል። ሰው በመኪና የወረደውን ቁልቁለት ውሃም ይወርደዋል፤ ያውም ፍሬን ሳይዝ። በሐምሌና በነሐሴ በደጋው ጫፍ የወረደው ዝናብ በገደሉ ተንደርድሮ በነሮቢ፣ በነጀውሃ፣ በነአጣዬ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። በበጋ ፍየል የሚሻገረው አሸዋማ የወንዝ አልጋ በክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ይመጣል። የቆላው ሰው ማሽላውን፣ ማሾውንና ሽንኩርቱን የሚያበቅልለትም ይኸው ውሃ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ሽሹ ማለት ከእንጀራችሁ ሽሹ ከማለት ብዙ አይለይም።

የአየር ትንበያ መግለጫዎቻችን ይህን ውሃ «ቅጽበታዊ ጎርፍ» ይሉታል። ቃሉ ስሕተት የለበትም፤ ፍጥነቱን ይነግረናል። የቆላው ሰው «ደራሽ» ግን ከዚያ የበለጠ ይነግረናል፤ ውሃው ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የሚደርስ መሆኑን። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ከባድ ዝናብ ሲጥል ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ለሸዋ ሮቢት ሰው ግማሽ እውነት ነው። ዝናቡ በሱ ራስ ላይ አይደለማ! እሱ ቀና ብሎ ማየት ያለበት ወደ ጣርማ በር ነው። እዚያ ላይ ሰማዩ ከጠቆረ፣ የወንዙ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ በኩል ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ጊዜው አልቋል ማለት ነው። እነዚህን አራት ምልክቶች በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መናገር ይቻላል። «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ» የሚለው የትንበያ ሐረግ ለግድብ ሠራተኛና ለግብርና ባለሙያ ይጠቅማል፤ ወንዝ ዳር ልብስ ለምታጥብ ልጅ ግን ምን ታድርግበት?

ደራሽን መናቅ የሚያስከፍለውን ድሬዳዋ ከፍላ አሳይታናለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነሐሴ ላይ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከድሬዳዋው አደጋ ለኔ የሚቀረኝ አንድ ቃል ነው፤ ሌሊት። ቀን በሬዲዮ የተነበበ ምክር ሌሊት የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። የሚቀሰቅሰው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው የድርሰት ዓይነት እንሻገር። ይህኛው ከውጭ የመጣ ዝርዝር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹ ካወጣው የዝግጅት ዝርዝር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ ለተከታታይ ቀናት የሚበቃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን፣ ፊሽካ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ እና ሌላም ይገኝበታል። ዝርዝሩ ለራሱ አገር ጥሩ ነው። ችግሩ ቃል በቃል ተተርጉሞ ሲመጣ ነው። የቆርቆሮ ምግብ የሌለው ሰው በቆርቆሮ መክፈቻ ምን ይከፍታል? ያን ዝርዝር የሚያነብ ድሃ «ዝግጅት የሀብታም ነገር ነው» ብሎ ወረቀቱን ለስኳር መጠቅለያ ያደርገዋል። አይፈረድበትም።

ጥሩ ተርጓሚ ግን ቃሉን ሳይሆን አሳቡን ይተረጉማል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ምን እጠጣለሁ? እሳት ሳላነድ ምን እበላለሁ? እንዴት እሰማለሁ? እንዴት እሰማለሁ ብቻ ሳይሆን እንዴትስ እጣራለሁ? ጥያቄዎቹን ከያዝን መልሱ ከይፋት ጓዳ ውስጥ አለ። ለዚህ ነገር እኮ ቃልም አለን፤ ስንቅ ይባላል። መንገደኛውም ዘማቹም በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን በአቁማዳ ቋጥሮ ሲሄድ የኖረበት አገር ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ብቻ ይበቃዋል። ማገዶው በረጠበበት፣ ምድጃው ውሃ በሞላበት ቀን ከቆርቆሮ ሥጋ በሶ ይሻላል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት «ክረምት ሲገባ ምን ታዘጋጃለሽ?» ብዬ ጠይቄያት «ምን አለኝና ነው የማዘጋጀው ጋሼ? እግሬን ነው የማዘጋጀው» አለችኝ። መልሷን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቀልድ መስሎ ይጀምርና ትክክለኛ ሆኖ ያልቃል። የደራሽ ቀን የሚያድነው እግር ነው። ዋጋ የሌለው ዝግጅት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እግሬ ወዴት ይሄዳል? በየትኛው መንገድ? እግር የሌለውንስ ማን ይሸከመዋል?

እነዚህ ውሳኔዎች አምስት ሳንቲም አያስወጡም። ግን ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት መወሰን አለባቸው። ከቤታችን ከፍ ያለውና ወንዝ ሳንሻገር የምንደርስበት ቦታ የቱ ነው? ትምህርት ቤቱ ነው? ጉብታው ላይ ያለው መስጊድ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ነው? እማማን የሚያዝላት ትልቁ ልጅ ነው ወይስ ጎረቤት? እሱ ሥራ ላይ ከሆነስ? ብንበታተን የት እንገናኛለን? ከብቱን ማን ይፈታል? እዚህ ላይ «ይፈታል» አልኩ እንጂ «ይነዳል» አላልኩም። ገመዱን መቁረጥ የአፍታ ሥራ ነው፤ በሬ ፍለጋ ተመልሶ መሄድ ግን ሰውን ያስከትላል። በሬ የድሃ ባንክ መሆኑን አውቃለሁ። ባለ ባንኩ ሲሞት ግን ሒሳቡ ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አለመሻገር አለ። አበው «እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰደው» ይላሉ፤ ይህ የፊዚክስ ትምህርትም ነው። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ፣ ማለትም ቁርጭምጭሚትን ትንሽ አልፎ፣ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትንሽ አውቶሞቢል ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ከሥሩ መሬቱ ተቦርቡሮ እንደሆነ ደግሞ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። «ትናንት ተሻግሬዋለሁ» የሚል ሾፌር የትናንቱን ወንዝ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ ጥቂት የሚያስወጣው ይመጣል። «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ነውና ያለንን እንወርውር። ውሃ ለአምስት ሰው ቤተሰብ በቀን 4 ሊትር ለነፍስ ወከፍ ቢታሰብ ለሦስት ቀን 60 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ በአብዛኛው ቤት አለ። የጎደለው በክረምት ባዶውን አለማሳደር ነው። ጎርፍ ሲመጣ ውሃ የሚጠፋ አይመስልም፤ ግን ጉድጓዱንና ምንጩን ከመጸዳጃው ጋር ያቀላቅለዋልና ከጎርፉ የተረፈውን ሰው አተት ይጠብቀዋል። ሌላ ውሃ ከጠፋ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሎ ማፍላት ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ እየተፍለቀለቀ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ሦስት ደቂቃ። ማገዶ ከሌለ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ነው።

ወረቀትም አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ውሃ ግን ወረቀትን ያስለቅቀዋል። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ፣ የእድር ደብተር ሁሉም በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው፣ አፋቸው ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ከጣሪያው ሥር ይንጠልጠሉ። ይህ የሁለት ፌስታል ዋጋ ነው። ጎርፍ ቤቱን ወስዶ ካርታው ከተረፈ ሰውየው ቤት የሌለው ባለ ቦታ ነው። ካርታውም ከሄደ ግን ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት የሚኖር ባለ ጉዳይ ይሆናል። እህሉም ከወለል ተነሥቶ ቆጥ ላይ ይውጣ። የማሽላ ጉድጓድ ያለውም ሰው የዓመት ቀለቡን ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አያድርግ።

ደራሽ የቆላ ብቻ አይደለም። ቆላው ላይ ውሃ ሆኖ የሚመጣው ዝናብ ገደሉ ላይ መሬቱን ራሱን ይነቅለዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም እዚያው ጣርማ በር ወረዳ ይዛባ ወይን በተባለው አካባቢ ተዳፋቱ ተንሸራቶ ቤትና ማሳ አፍርሷል፤ ሰዉንም ከቀየው አፈናቅሏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን አገኛቸው። እዚህ ላይ አንድም የሚነቀፍ ሰው የለም፤ ደራሽነታቸው ነው የገደላቸው። ትምህርቱ ግን መራር ቢሆንም መነገር አለበት። ከመቆፈር በፊት አንድ ሰው ራቅ ብሎ ከላይ ያለውን ተዳፋት ይጠብቅ። አፈሩ ሲሰነጠቅ ወይም ውሃ ሲያመነጭ ካየ ይጩህ። ይህም ምንም አያስወጣም። ማንም አስቀድሞ አለመናገሩ ግን ብዙ አስወጥቷል።

«ድሃ አገር ምን ማድረግ ይችላል?» ለሚል ተስፋ ቆራጭ ባንግላዴሽን ልጥራለት። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የባሕር ማዕበል እዚያ ከ300,000 በላይ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያን ከቢሮ አውጥተው ለመንደር በጎ ፈቃደኞች ሰጡ። በጎ ፈቃደኞቹ የድምፅ ማጉያና ባንዲራ ይዘው በር ለበር ያስጠነቅቃሉ፤ ሕዝቡም የሚሸሽበት መጠለያ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ከባድ ማዕበል ሲመጣ የሞተው ሰው ከ3,000 በላይ ነበር። ይህም ብዙ ነው፤ ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ግን መቶኛው ያህል ነው። አገሪቱ በመሐሉ ሀብታም አልሆነችም። ዓረፍተ ነገሯ ባለቤት ስላገኘ ነው።

እኛ ደግሞ ድምፅ ማጉያ መግዛት እንኳ አያሻንም። እድር አለን፤ በወሎና በአካባቢው ቅሬ የሚባለው። እድር የአባላቱን ስም ዝርዝር ይዟል፤ የማን ቤት የት እንደሆነ ያውቃል፤ ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ጥቂት ገንዘብ አለው። ከሁሉ በላይ ጡሩምባ ነፊ አለው፤ ሌሊት ተነሥቶ መንደር የሚዞር፣ ድምፁ ሲሰማ ማንም ተኝቶ የማይቀር። ይህን የመሰለ የማስጠንቀቂያ መዋቅር ዘርግተን ስናበቃ የምንጠቀምበት ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደለምን? ከላይኛው ቀበሌ አንድ ሰው ስልክ ይደውል፤ የታችኛው ጡሩምባ ነፊ ለደራሽ የተለየ አነፋፍ ይንፋ፤ መስጊዱ በድምፅ ማጉያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በደወሉ ይቀበሉት። ይፋት ውስጥ ሁለቱም በአንድ መንደር አሉ። ውሃውም የማንን ቤት እንደሚወስድ ሃይማኖት አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ተንኮል እንዳይሸፈን እፈራለሁ። «ቤተሰብ ይዘጋጅ» የሚለው ምክር አንዳንዴ ኃላፊነትን ከቢሮ ወደ ጓዳ ማሻገሪያ ይሆናል። ሰው ወንዝ ዳር ቤት የሚሠራው ውሃ ስለሚወድ አይደለም፤ ርካሹ ቦታ እዚያ ስለሆነ ነው። ፌስታልና በሶ የተራቆተ ተራራ አያለብስም፤ በደለል የተሞላ የወንዝ አልጋ አይጠርግም፤ የወንዝ ዳር ቦታ ለመኖሪያ የመራን ሰው ብዕር አይዝም። ደግሞም ይህ አገር በ2013 ዓ.ም አጣዬ የተቃጠለችበት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ የገባበት ነው። ከባዶ የጀመረን ቤተሰብ «ለሦስት ቀን የሚሆን አስቀምጥ» ስንለው ለዛሬ ያለው መሆኑን መጠየቅ ነበረብን።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ታሪክ ብናይም ይኸው ነው። በ1966 ዓ.ም ሲቋቋም «የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ» ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት» ሆነ። በ2008 ዓ.ም «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር» ተባለ። ከእርዳታ ወደ ዝግጁነት፣ ከዝግጁነት ወደ ስጋት መሄዱ በአሳብ ደረጃ እድገት ነው፤ አልክድም። ስም ግን ወንዝ ዳር አይደርስም። ቤተሰቡ የራሱን በሶ ይቋጥር፤ መንግሥት ደግሞ የወንዙን ዳር ያጥር፣ ተራራውን ያልብስ፣ ማስጠንቀቂያውን በሰዓቱና በሰው ቋንቋ ያድርስ። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይተካም።

ሐያሲ ነቅፎ ብቻ ከሄደ ሥራው ጎዶሎ ነው ይባላልና እኔም ረቂቅ ላቅርብ፦ «ጣርማ በር ላይ ሰማዩ ከጠቆረ ልጆችና ከብቶች ከወንዙ ይውጡ። ውሃው ከደፈረሰና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ወንዝ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ጉብታ ውጡ። የደራሽ ጡሩምባ ከተነፋ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ፤ ጎረቤታችሁን ቀስቅሱ፤ አረጋውያንን አዝላችሁ ውጡ። ከብቱን ፍቱት፤ አትከተሉት። ወንዝ አትሻገሩ።»

ድርሰቱ አያምርም፤ ሽልማትም አያስገኝም። ግን እያንዳንዱ ግሥ ሠሪ አለው። በየቢሮው እንዲህ ያለውን መልእክት የምትጽፉ ወዳጆቼ አንድ ልመና አለኝ። ከመላካችሁ በፊት የጻፋችሁትን ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ለአንዲት አሮጊት አንብቡላቸውና «እንግዲህ እማማ፣ ምን ያደርጋሉ?» በሏቸው። «ጉብታው ላይ እወጣለሁ፤ የልጅ ልጄ ያዝለኛል» ካሉ ላኩት። «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ካሉ ግን እንደገና ጻፉት።